ጭኔ ላይ የተዘረጉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች በሌዘር ላስጠፋቸው?

የአንባቢያን የጤና ጥያቄና የሐኪም መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው አራት ደብዳቤዎች በቆዳ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ተበታትነው ስለሚታዩ ቀጫጭን የደም ሥሮችና ስለ ሌዘር ሕክምናቸው የሚጠይቁ ናቸው። የመጀመሪያው ብዙ አንባቢያን የሚጋሩትን ጥያቄ ስለያዘ ሰፋ ያለ መልስ ሰጥተንበታል።

ጥያቄ፦ የ41 ዓመት መምህርትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ በጭኖቼ ጎንና በቁርጭምጭሚቴ ዙሪያ ቀይና ሰማያዊ የሆኑ ቀጫጭን የደም ሥሮች ወጡብኝ። ሕመማቸው ይህን ያህል አይደለም፤ ወደ ማታ ግን እግሬ ይከብደኛል። በአንድ የውበት ሕክምና መስጫ ያነጋገርኳቸው ባለሙያ በሌዘር በአንድ ቀን እንደሚጠፋልኝ ሲነግሩኝ፣ አንድ ሐኪም ደግሞ ለእግር መርፌ ይሻላል አሉኝ። ቆዳዬ ጠይም ነው። አንዲት ባልደረባዬ ተመሳሳይ ሕክምና አድርጋ ጥቁር ነጠብጣብ ስለቀረባት ፈርቻለሁ። የማንን ልስማ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሐኪሙን ይስሙ። ይሁን እንጂ ምክንያቱን ሳያውቁ እንዲቀበሉት አልፈልግም፤ ምክንያቱን ሲያውቁ ሌዘር መቼ ለእርስዎ እንደሚሆንና መቼ እንደማይሆን ራስዎ ለመመዘን ይችላሉ።

ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሽቅብ መውጣት አለበት። ለዚህም በደም መልስ ቧንቧዎች ውስጥ ደሙ ወደ ኋላ እንዳይፈስ የሚያግዱ ትናንሽ ክዳኖች አሉ፤ የባት ጡንቻዎችም በተራመድን ቁጥር ቧንቧዎቹን እየጨመቁ ደሙን ወደ ላይ ይገፉታል። ክዳኖቹ ሲላሉ፣ ወይም ሰው በሥራው ጠባይ ለረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ሲቆም፣ ደሙ ከታች ይጠራቀምና ግፊቱ ከቆዳ ሥር ወዳሉት እጅግ ቀጫጭን ሥሮች ይተላለፋል፤ እነርሱም እየሰፉ ከላይ መታየት ይጀምራሉ። ስፋታቸው ከ1 ሚሊ ሜትር የማይደርሰው ቀያይና ሐምራዊ ክሮች የሸረሪት ድር መሳይ የምንላቸው ናቸው። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆኑት ሰማያዊ ሥሮች ብዙ ጊዜ ለእነዚያ ክሮች ደም የሚያቀብሉ መጋቢዎች ሲሆኑ፣ 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሆነው አብጠውና ተጠማዝዘው የሚታዩት ደግሞ በተለምዶ ቫሪኮስ የሚባሉት ናቸው። ለዚህ ሁሉ የሚያጋልጡት ዋና ዋና ነገሮች የቤተሰብ ውርስ፣ የዕድሜ መግፋት፣ እርግዝናና ከእርሱ ጋር የሚመጣው የሆርሞን ለውጥ፣ ክብደት መጨመር እንዲሁም ቆሞ መዋል ናቸው። እግርን አጣምሮ መቀመጥ ያመጣዋል የሚባለው ግን በቂ ማስረጃ የተገኘለት አይደለም፤ ስለዚህ ከእነዚህ ሥሮች የተነሣ ራሳቸውን የሚወቅሱ ሴቶች ይህን ቢተዉት ደስ ይለኛል።

ወደ ሌዘሩ ልለፍ። ጥቁርና ነጭ ጨርቅ ጎን ለጎን ፀሐይ ላይ ቢሰጡ ቶሎ የሚሞቀው ጥቁሩ ነው፤ ብርሃኑ አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ የመጣው ከሚመጠው ቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የቆዳ ሐኪሞች ያሳተሙት ጥናት የዛሬውን የቆዳ ሌዘር ሕክምና በዚሁ መርሕ ላይ አቆመው። የሚፈለገው አካል አብዝቶ የሚመጠው ዓይነት ብርሃን ከተመረጠ፣ ብርሃኑም ሙቀቱ ወደ ጎረቤት አካል ለመዛመት ከሚፈጅበት ጊዜ ባጠረ ቅጽበት ውስጥ ከተለቀቀ፣ የሚጎዳው ዒላማው ብቻ ይሆናል። በደም ሥር ሕክምና ዒላማው ደምን ቀይ የሚያደርገው ሄሞግሎቢን ነው። ሄሞግሎቢን ብርሃኑን መጦ ይግላል፤ ሙቀቱ ወደ ሥሩ ግድግዳ ይሻገርና ግድግዳው ተኮማትሮ ይዘጋል፤ የተዘጋውን ሥር የሰውነት የመከላከያ ሕዋሳት በሳምንታትና በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ያስወግዱታል። ቀጭን ሥር ሙቀቱን ቶሎ ስለሚያጣ አጭር የብርሃን ምት ይበቃዋል፤ ሰፋ ያለው ግን በሺኛ ሰከንድ ተቆጥሮ ረዘም የሚል ምት ይፈልጋል። ስለዚህ ለሁሉም እግር በአንድ ልክ የሚሠራ ማስተካከያ የለም፤ ከመሣሪያው ይልቅ ማስተካከያውን የሚመርጠው ሰው እጅ ይበልጣል።

ስለ ጠይም ቆዳዎ ያነሡት ስጋት ተገቢ ነው፤ እኔም ረጅሙን ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው። ለቆዳችን መልክ የሚሰጠው ሜላኒን የሚገኘው በላይኛው የቆዳ ንጣፍ ውስጥ ነው፤ የደም ሥሮቹ ከእርሱ በታች ናቸው። ስለዚህ ብርሃኑ ወደ ሥሩ ከመድረሱ በፊት በሜላኒኑ ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ሜላኒንም እንደ ሄሞግሎቢን ሁሉ ብርሃን መጣጭ ነው። ኬቲፒ የሚባለው ሌዘር የሞገዱ ርዝመት 532 ናኖ ሜትር (የሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ) የሆነ አረንጓዴ ብርሃን፣ ፐልስድ ዳይ የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ 595 ናኖ ሜትር የሆነ ቢጫ ብርሃን ያመነጫሉ። ሁለቱም በደም በደንብ ይመጠጣሉ፤ ነገር ግን ሜላኒንም አጥብቆ ስለሚመጣቸው ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ሙቀቱ ሥሩ ዘንድ ሳይደርስ ላዩን ሊያቃጥል፣ ቆዳውንም ሊያጠቁር ወይም ሊያነጣ ይችላል። የሞገዱ ርዝመት እየጨመረ ሲሄድ የሜላኒን መጠጣ እየቀነሰ፣ ብርሃኑም ይበልጥ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ይመጣል። በዚህ ምክንያት ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ የሚመረጠው 1064 ናኖ ሜትር የሆነውና ዓይን የማያየው የኤንዲ ያግ ሌዘር ነው። እርሱም ቢሆን የሚጠይቀው ዋጋ አለው፤ ደምም ቢሆን ይህን ብርሃን የሚመጠው በመጠኑ በመሆኑ ሥሩን ለመዝጋት ከፍ ያለ ኃይል ያስፈልጋል፤ ከፍ ያለ ኃይል ደግሞ ሕመሙን ያበዛል፣ አንዱን ቦታ ደራርቦ የሚመታ ያልሠለጠነ እጅ ከገጠመውም ከውስጥ የሚነሣ ቃጠሎና ጠባሳ ያስከትላል። ለዚህ ነው ከምቱ በፊት፣ በምቱ ጊዜና ከምቱ በኋላ ቆዳውን ማቀዝቀዝ የሕክምናው አካል የሆነው፤ ማቀዝቀዣ የሌለው መሣሪያ ቆዳዎን እንዲነካ አይፍቀዱ።

በባልደረባዎ ላይ የደረሰውን ሳልመረምር መፍረድ አልችልም። ለጠይም ቆዳ የማይስማማ ሌዘር ተጠቅመው ሊሆን ይችላል፤ ወይም ቆዳው ሳይድን ፀሐይ አግኝቶት ይሆናል። ከመሠረቱ ሌዘር ያልሆነ ሌላ መሣሪያም አለ፤ ብዙ ዓይነት የሞገድ ርዝመት በአንድ ጊዜ የሚረጭ የብርሃን መሣሪያ ነው፤ እርሱን ሌዘር እያሉ የሚያቀርቡ ቦታዎች ስላሉ መጠየቁ አይከፋም። ለጠቆረ ቆዳ ይህ መሣሪያ አደጋው የበዛ ነው።

እንግዲህ ሐኪሙ መርፌን ያስቀደሙት ለምንድን ነው? የእግር ደም ሥሮች ከፊት ደም ሥሮች ይልቅ ጠለቅ ያሉ፣ ሰፋ ያሉና ግድግዳቸው የወፈረ ሲሆን፣ ስንቆም የሚጫናቸው የደም ግፊትም ከፍተኛ ነው። ፊት ላይ በጥቂት ምት የሚጠፋ ክር እግር ላይ ደጋግሞ እየተመታ ላይጠፋ ይችላል። በመርፌ ሕክምናው ሐኪሙ እንደ ፖሊዶካኖል ያለ መድኃኒት በጣም ቀጭን በሆነ መርፌ ወደ ሥሩ ውስጥ ይሰጣል፤ መድኃኒቱ የግድግዳውን ውስጠኛ ሽፋን ስለሚጎዳ ግድግዳው ተጣብቆ ይዘጋል። ዋናው ብልጫው መድኃኒቱ ክሮቹን ብቻ ሳይሆን የሚመግባቸውን ሰማያዊ ሥርም አብሮ ለማከም መቻሉ ነው። መጋቢው እንደ ተከፈተ ቀርቶ ክሮቹ ብቻ በሌዘር ቢዘጉ በዚያው አካባቢ አዳዲስ ክሮች መውጣታቸው ብዙም አይቆይም። በዚህ ምክንያት ለእግር በአብዛኛው የሚቀድመው መርፌው ነው። መርፌውም ከጉዳት ነጻ አይደለም፤ ከሥሩ ከሚወጣው ደም የሚቀር ብረት ቆዳውን ቡናማ ሊያደርገው ይችላል፤ መድኃኒቱ ከሥሩ ውጭ ከፈሰሰ ደግሞ ቁስል ሊያመጣ ይችላል። የባልደረባዎ ነጠብጣብ ከመርፌ የመጣ ቢሆንም አልደነቅም።

ሌዘር በእግር ላይ ቦታ የለውም ማለት ግን አይደለም። መርፌ የማይገባባቸው እጅግ ቀጫጭን ክሮች ሲኖሩ፣ ለመድኃኒቱ አለርጂ ያለበት ወይም መርፌን ከልክ በላይ የሚፈራ ሰው ሲሆን፣ ወይም ከመርፌው ሕክምና በኋላ በአካባቢው የደቀቁ ቀያይ ክሮች ሲበቅሉ፣ እኔም ሌዘሩን እመርጣለሁ። ብዙ ጊዜም መጋቢውን በመርፌ ዘግቶ የተረፉትን ክሮች በሌዘር ማጽዳት ከሁለቱ አንዱን ብቻ ከመያዝ የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

በደብዳቤዎ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው፤ ማታ ማታ እግርዎ እንደሚከብድዎ የጻፉት። የእግር መክበድ፣ የቁርጭምጭሚት እብጠት፣ ሌሊት የሚመጣ የጡንቻ መሸማቀቅ፣ እንዲሁም በቁርጭምጭሚት ዙሪያ ክሮች ተሰብስበው መታየታቸው ከቆዳው ሥር ያለ ትልቅ ደም መልስ ክዳኑ ላልቶ ደም ወደ ታች እየመለሰ መሆኑን ሊያመለክቱ ይችላሉ። ይህን የሚያሳየው ዱፕሌክስ የሚባል የአልትራሳውንድ ምርመራ ነው፤ ሕመም የለውም፣ የደሙንም አቅጣጫ ያሳያል፤ ደሙ ወደ ኋላ የሚፈሰው ከግማሽ ሰከንድ በላይ ሆኖ ከተገኘ ክዳኑ ሥራውን እንዳቆመ ይቆጠራል። ያ ከሆነ ሕክምናው ከትልቁ ሥር መጀመር አለበት። ይህን ሳይመረምሩ በአንድ ቀን እንደሚጠፋ ቃል የገባልዎ ሰው ያየው የቆዳዎን ላይ ብቻ ነው፤ በአንድ ቀን የሚለውም ትክክል አይደለም፤ በአብዛኛው ከ6 እስከ 12 ሳምንት እየተራራቀ ከአንድ በላይ ጊዜ መመለስ ያስፈልጋል።

ምርመራው ትልቁ ሥር ጤነኛ መሆኑን ካሳየና ሌዘሩን ከመረጡ፣ ሐኪሙን የትኛውን የሌዘር ዓይነት እንደሚጠቀሙ፣ እንደ እርስዎ ጠይም ቆዳ ያላቸውን ሰዎች ምን ያህል እንዳከሙና ቆዳውን በምን እንደሚያቀዘቅዙ ይጠይቋቸው። መላውን እግር ከመንካታቸው በፊትም በማይታይ አንድ ትንሽ ቦታ ሞክረው ቢያንስ አራት ሳምንት እንዲጠብቁ ይለምኗቸው፤ ጠይም ቆዳ ላይ መጥቆሩ የሚገለጠው ዘግይቶ ስለሆነ በማግሥቱ ደህና መምሰሉ ማረጋገጫ አይሆንም። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ በተለይም ቆዳን ለብርሃን የሚያስቆጡ አንቲባዮቲኮችንና ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶችን፣ እንዲሁም ቁስልዎ ሲድን የሚያብጥ ጠባሳ የሚተው ከሆነ ይህንኑ አስቀድመው ይንገሩ። ምቱ ሲሰማዎ የተወጠረ ላስቲክ ቆዳ ላይ እንደ ተለቀቀ ያለ ነው፤ ሙቀትም አለው። የ1064 ናኖ ሜትሩ ብርሃን ስለማይታይ ዓይን ሳይጨፈን ወደ ውስጥ ገብቶ ሬቲናን፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የውስጥ ንጣፍ፣ ሊጎዳ ይችላል፤ በክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ለዚያ ሌዘር የተሠራውን መነጽር ማድረግ አለበት። መነጽር ሳይሰጥዎ ሥራ የሚጀመርበት ክፍል ውስጥ አይቆዩ።

ጥያቄ፦ እግሬን በሌዘር ከታከምኩ 16 ቀን ሆኖኛል። ሥሮቹ ጠቆር ብለው ይታያሉ እንጂ አልጠፉም። ሕክምናው አልሠራም ማለት ነው? ቶሎ እንዲደገምልኝ ልጠይቅ?

መልስ፦ አይጠይቁ፤ ገና ነው። የተዘጋ ሥር ውስጡ የረጋ ደም ስለሚይዝ ከሕክምናው በፊት ከነበረው ይልቅ ጠቁሮ መታየቱ የተለመደ ነው፤ እግር ላይ ውጤቱን ለመመዘን ሁለትና ሦስት ወር መታገሥ ያስፈልጋል። ገና ያልዳነን ቆዳ እንደገና መምታት ቃጠሎና ጥቁረት ከሚያመጡት ነገሮች ዋነኛው ነው። እስከዚያው ቦታውን ከፀሐይ ይጠብቁ፤ በልብስ መሸፈኑ ይበልጣል፤ የማይሸፈን ከሆነ የመከላከያ መጠኑ 30ና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ቅባት ይቀቡ። ቆዳውን አይፈትጉ። ሐኪምዎ እግር የሚጨምቀውን የሕክምና ካልሲ አዝዘውልዎ ከሆነ በታዘዘልዎ ልክ ያድርጉት፤ በየቀኑ መራመድዎንም አይተዉ፤ ደሙን የሚገፋው የባት ጡንቻ ነውና።

የሚከተሉት ከታዩ ግን ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ይሂዱ፦ ቆዳው ውሃ ከቋጠረ፣ ከቆሰለ ወይም መግል ከያዘ፤ እንዲሁም አንዱ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ። የመጨረሻው በጥልቅ ሥር ውስጥ ደም መርጋቱን ሊያመለክት ስለሚችል ለማግሥት የሚቆይ አይደለም፤ ትንፋሽ ማጠርና የደረት ውጋት ከተጨመረበት በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የ29 ዓመት ወንድ ነኝ። ብጉርና ጥቁረት ያጠፋል ብለው የሰጡኝን ክሬም ለአንድ ዓመት ያህል ፊቴን ተቀባሁ። ፊቴ መጀመሪያ ጠርቶልኝ ነበር፤ አሁን ግን ጉንጮቼና የአፍንጫዬ ግራና ቀኝ በቀያይ ክሮች ተሞልተዋል፣ ፀሐይም ያቃጥለኛል። ሌዘር ያድነኛል?

መልስ፦ የላኩልን የክሬሙ ስም ክሎቤታሶል ነው፤ ይህም ከስቴሮይድ ቅባቶች ሁሉ ኃይለኛ ከሚባሉት መካከል ሲሆን ለፊት፣ ያውም ለዓመት፣ ሊቀቡት የሚገባ አይደለም። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮቹንም ያሰፋቸዋል፤ የሚያዩአቸው ክሮች የመጡት ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። የሰጡዎት ሰዎች ምን እንደሚያደርግ አለመንገራቸው ያሳዝነኛል፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚደርሰን ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም።

ፊት ላይ ሌዘር ጥሩ ውጤት አለው፤ ሥሮቹ ላይ ላዩን ያሉና የሚጫናቸው ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ከእግር ይልቅ በጥቂት ጊዜ ይጠፋሉ። እርስዎ ዘንድ ግን ጊዜው ገና አልደረሰም። በመጀመሪያ ክሬሙ መቆም አለበት፤ በድንገት ሲቆም ፊት ቀልቶ ሊያብጥና ሊያቃጥል ስለሚችል አቋቋሙን የቆዳ ሐኪም ይምራው። ቆዳው አገግሞ ወራት ካለፉት በኋላ ከክሮቹ አንዳንዶቹ በራሳቸው ሊደበዝዙ ይችላሉ፤ ሌዘሩ የሚያስፈልገው ለቀሩት ነው። የሳሳና የተቆጣ ቆዳ ላይ አስቀድሞ ሌዘር መተኮስ በጉዳት ላይ ጉዳት መጨመር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ መስተዋት ፊት ሆነው ይመልከቱ። ከመሐሏ ቀይ ነጥብ ያላትና ዙሪያዋን ቀጫጭን እግሮች የዘረጋች ምልክት በደረትዎ፣ በአንገትዎ ወይም በትከሻዎ ላይ በብዛት ወጥታ እንደሆነና መሐሏን በጣት ሲጫኗት ጠፍታ ሲለቋት ከመሐል ወደ ዳር እየተሞላች የምትመለስ ከሆነ ለሐኪሙ ያሳዩ። አንድ ሁለት ብቻ ብትሆን በጤነኛ ሰው ላይም ትገኛለች፤ ብዙ ከሆኑ ግን የጉበት ምርመራ ማድረግ ይገባል፤ ያን ጊዜ ምልክቷን በሌዘር ማጥፋት ዋናውን ችግር መሸፈን ይሆናል።

ጥያቄ፦ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። በእግሬ ላይ እንዲህ ያሉ ሥሮች በዝተውብኛል። ከመውለዴ በፊት በሌዘር ባስጠፋቸው ልጄን ይጎዳዋል?

መልስ፦ ቢቆይ ይሻላል። የሌዘሩ ብርሃን ወደ ማሕፀን የሚደርስ አይደለም፤ ይሁን እንጂ በእርግዝና ጊዜ የደሙ መጠንና የሆርሞኑ ለውጥ፣ በተጨማሪም ማሕፀን በትልልቆቹ ደም መልሶች ላይ የሚያሳድረው ጫና ስለማያቆም ዛሬ ቢዘጉ ነገ አዲስ ይወጣሉ፤ ቆዳውም በዚህ ጊዜ ለመጥቆር ቅርብ ነው። ደግሞም ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ብዙዎቹ ምንም ሳይደረግላቸው ይደበዝዛሉ። እስከዚያው ሲቀመጡ እግርዎን ከፍ ያድርጉ፣ ሲተኙ በግራ ጎንዎ ይሁኑ፣ አጭር እየሆነ የሚደጋገም እርምጃ ያድርጉ፣ ስለሚጨምቀው ካልሲም የእርግዝና ክትትል የሚያደርጉልዎን ሐኪም ይጠይቁ። አንድ እግርዎ ከሌላው ተለይቶ ካበጠና ካመመ ግን በዚያው ቀን ይታዩ፤ በእርግዝና ጊዜ ደም የመርጋት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ከወለዱ ስድስት ወር ቆይተው አሁንም የሚታዩ ከሆነ ያን ጊዜ ከላይ ለመምህርቷ የገለጽነውን ምርመራ ያድርጉ፤ የሚያጠቡ ከሆነ ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ በዚያ ጊዜ የሚዘገየው ከሌዘሩ ይልቅ የመርፌው መድኃኒት ነው።